የ«ኡምብሪያ» የመጨረሻ ጉዞ



ከፖርት ሱዳን ወደብ ወጣ ብሎ፣ ዊንጌት ሪፍ በሚባለው የኮራል ዓለት ጥግ፣ አንዲት ትልቅ የእንፋሎት መርከብ በግራ ጎኗ ተጋድማ ትገኛለች። ታችኛው ክፍሏ ከ30 ሜትር በላይ ወርዶ አሸዋው ላይ አርፏል። በቀኝ ጎኗ ያሉት የነፍስ አድን ጀልባ መስቀያ ብረቶች ግን ከውሃው ወለል አጠገብ ናቸው። ስሟ «ኡምብሪያ» ይባላል። በሆዷ ውስጥ ከ5,000 ቶን በላይ የሚመዝን የአውሮፕላን ቦምብ እንደ ተደረደረ አለ። መርከቧ ከሰጠመች ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከቦምቦቹ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የፈነዳ የለም።

የዚህ ንግግር ርእስ የዚህች መርከብ ታሪክ ነው። የባሕር ወሬ ለመሐንዲሶች ስብሰባ ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ኡምብሪያ» ያን ሁሉ ቦምብ ጭና ስትጓዝ የነበረው ወደ ምጽዋ ነውና ታሪኳ የኢትዮጵያ ሕዝብ የዚያን ዘመን ታሪክ አንድ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ መርከቧ የሰጠመችው በጥይት ወይም በማዕበል ሳይሆን አሠራሯን ጠንቅቀው በሚያውቁ በገዛ ባለሙያዎቿ እጅ ነው። የተዉት ጭነት ግን እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም። ይህ ደግሞ ሙያውን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ አንድ ማሳሰቢያ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ምልክት ካልተደረገበት በስተቀር ዓመቱና ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

መርከቧ የተሠራችው በጀርመን አገር፣ በሐምቡርግ ከተማ፣ ራይኸርሽቲግ በተባለው የመርከብ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። የመጀመሪያ ስሟ «ባሂያ ብላንካ» ሲሆን፣ ይህም በአርጀንቲና የሚገኝ የአንድ ወደብ ስም ነው። ርዝመቷ 150 ሜትር ያህል፣ ወርዷ 18 ሜትር ነበር። ሁለት የእንፋሎት ሞተሮች ሁለት ፕሮፔለሮችን እያሽከረከሩ በሰዓት እስከ 14 የባሕር ማይል ያስኬዷት ነበር። የመዝገብ ቶኗ ከ10,000 በላይ ነው። የመዝገብ ቶን ብዙ ጊዜ ክብደት እየመሰለ ስለሚያሳስት ጥቂት ማብራራት ይገባል። አንድ የመዝገብ ቶን 100 ኩብ ጫማ፣ ማለት 2.83 ሜትር ኩብ ይዘት ነው። እንግዲህ የዚህች መርከብ ውስጣዊ ይዘት ከ28,000 ሜትር ኩብ በላይ ነበር ማለት ነው። ሰውም ዕቃም እንድትጭን ሆና የታቀደች ስለ ነበረች በዘመኗ ከትልልቆቹ ትቆጠር ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲፈነዳ መርከቧ በአርጀንቲና ተይዛ ቀረች፤ ኋላም የአርጀንቲና መንግሥት ገዛት። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት ገዝቶ «ኡምብሪያ» አላት። የተገዛችበት ዓመት በራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሠራዊት፣ መኪናና ጥይት በሺሕ ማይሎች የሚቆጠር የባሕር መንገድ አሻግሮ ማድረስ ነበረበት። ለዚህም አዲስ መርከብ ሠርቶ ለመጨረስ ጊዜ ስላልነበረው አሮጌዎችን ከየአገሩ ይሰበስብ ጀመር። «ኡምብሪያ»ም ወታደር ማመላለሻ ሆና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመላለሰች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር መረብን ሲሻገር፣ ከበስተ ኋላው እነዚህ መርከቦች የዘረጉት የስንቅና የትጥቅ መሥመር ነበረ።

ይህ መሥመር የሚያልፈው በስዊዝ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በቆስጠንጢንያ የተፈረመው ውል ቦይው በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ ለማንኛውም አገር መርከብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከቦች ቀረጡን እየከፈሉ ሲያልፉ፣ ቦይውን ትጠብቅ የነበረችው እንግሊዝም ሆነች የመንግሥታት ማኅበር መንገዱን አልዘጉባቸውም። ኢትዮጵያውያን ያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው ማስረዳት አያስፈልግም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያው ቦይ፣ ያው ውልና ያው የኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ እንደ ገና ተገናኙ። ፍጻሜው በዚህ ጊዜ ሌላ ሆነ።

ግንቦት 1932 ዓ.ም. ነበር። በአውሮፓ ጦርነቱ ከተጀመረ ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ ጀርመን ፈረንሳይን እየደመሰሰች ነው። ኢጣልያ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፤ መግባቷ ግን ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ጦርነት ባወጀች ማግስት ስዊዝ እንደሚዘጋባትና ምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው ጦሯ ከእናት አገሩ እንደሚቆረጥ ሮማ ታውቅ ነበር። ስለዚህ በቀረው ጥቂት ጊዜ የተቻለውን ያህል ትጥቅ ለማሳለፍ «ኡምብሪያ» ተጫነች። ጠቅላላ ጭነቷ 8,600 ቶን ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 5,500 ቶን የሚሆነው ወደ 360,000 የሚጠጋ የአውሮፕላን ቦምብ ነበር። የቀረው ማፈንጃ፣ ሲሚንቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የወይን ጠጅና ልዩ ልዩ የሸቀጥ ዕቃ ነው። ሦስት ፊያት 1100 አውቶሞቢሎችም ነበሩባት።

ክብደቱ ለቦምቡ ቁጥር ሲካፈል እያንዳንዱ ቦምብ በአማካይ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር ለባለሙያ አንድ ነገር ይነግራል። የ15 ኪሎ ቦምብ የብረት ግንብ ለማፍረስ ወይም መርከብ ለመስበር የተሠራ መሣሪያ አይደለም። በብዛት ከአየር የሚበተንና በገሃድ ያለን ሰው፣ ከብትና ጎጆ የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። በዚያ ወራት ጠላት በምሥራቅ አፍሪካ ከ300 በላይ አውሮፕላኖች ነበሩት። ጭነቱ ቢደርስለት ኖሮ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ከ1,000 በላይ ቦምብ ይደርሰው ነበር። በየጫካውና በየገደሉ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዋጉ የነበሩት አርበኞች፣ ስንቅ ያቀብሏቸው የነበሩት የገጠር መንደሮችም ይህን ጭነት አያውቁትም ነበር። እርሱ ግን ወደ እነርሱ እየመጣ ነበር።

«ኡምብሪያ» ግንቦት 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ፖርት ሳይድ ደረሰች። እንግሊዞች የተጫነውን ያውቃሉ፤ ሆኖም ኢጣልያ ገና ጠላት ስላልሆነች መርከቧን ሊይዙ፣ ውሉም ስላለ ቦይውን ሊዘጉባት አይችሉም። የቀራቸው አንድ መሣሪያ ጊዜ ብቻ ነበር። በምርመራና በፈቃድ ጉዳይ ሦስት ቀን ያህል ካቆዩአት በኋላ ግንቦት 29 ቀን አሰናበቷት፤ «ግሪምዝቢ» የተባለችውም የጦር መርከብ ከኋላዋ ተከተለች።

ሦስት ቀን ለመንገደኛ ኢምንት ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ ቢለካ ትርጉሙ ይገለጣል። ቦይውን ለማለፍ አንድ ቀን፣ ከስዊዝ እስከ ምጽዋ ያለውን ወደ 950 የሚጠጋ የባሕር ማይል በ14 ማይል ፍጥነት ለመጨረስ ደግሞ ሦስት ቀን ያህል ይበቃል። ሳትዘገይ አልፋ ቢሆን ኖሮ ሰኔ 1 ቀን ገደማ ምጽዋ ደርሳ ጭነቷን ማራገፍ በጀመረች ነበር። ስለ ዘገየች ግን ሰኔ 2 ቀን ገና በፖርት ሱዳን አቅጣጫ ስትደርስ፣ የኮንትሮባንድ ፍተሻ አለ ተብላ በዊንጌት ሪፍ መልሕቋን እንድትጥል ታዘዘች። ከዚያ እስከ ምጽዋ 270 የባሕር ማይል ያህል፣ ማለት የሃያ ሰዓት መንገድ ብቻ ይቀራት ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈታሾችም ተሳፈሩባት።

በማግስቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ሎሬንዞ ሙዬሳን ወሬውን የሰሙት በክፍላቸው በነበረው ራዲዮ ነው። መርከባቸው ላይ የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ግን ገና አልሰሙም። ካፒቴኑ በዚያች ቅጽበት ከመርከቧ ላይ ካለው ሰው ሁሉ ይልቅ ያውቁ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ቆይቶ መርከቧና ጭነቷ የጠላት ምርኮ እንደሚሆኑ ነው። ቦምቡ በእንግሊዞች እጅ ቢገባ ተመልሶ በኢጣልያ ወታደር ላይ ይወርዳል። መርከቧን በፈንጂ ቢያጠፏት ደግሞ ራሳቸው፣ ሠራተኞቻቸው፣ ፈታሾቹና ምናልባትም ወደቡ አብረው ይጠፋሉ። የቀረው ሦስተኛው መንገድ መርከቧን በውሃ ማስጠም ነው።

ካፒቴኑ የሚስጥር ሰነዶች እንዲጠፉና መርከቧ ለመስጠም እንድትዘጋጅ በዝግታ አዘዙ። ቀጥሎም ለእንግሊዙ መኮንን ሠራተኞቹ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ እንዲያደርጉ ፈቃድ ጠየቁ። ልምምዱ በማንኛውም መርከብ የተለመደ ነውና ተፈቀደ። ሠራተኞቹ ወደ ጀልባዎቹ ሲወርዱ ከታች በሞተር ክፍሉ የባሕር ውሃ ማስገቢያዎቹ ተከፍተው ነበር። እንግሊዞቹ ነገሩን የተረዱት መርከቧ ማዘንበል ስትጀምር ነው፤ በዚያን ጊዜ ከመውረድ በቀር ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አልነበረም። ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ «ኡምብሪያ»ም ጭነቷን እንደ ያዘች ሰጠመች። ካፒቴን ሙዬሳን ተማርከው ወደ ሕንድ ተወሰዱና እዚያ በእስር ዓመታት አሳለፉ።

የእንፋሎት መርከብ እንዲህ በቀላሉ በገዛ ሠራተኞቿ እጅ ልትሰጥም የምትችልበትን ምክንያት ከሙያው አኳያ መመልከት ይጠቅማል። እንፋሎቱ በሞተሩ ውስጥ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቀዝቅዞ ወደ ውሃነት ተለውጦ ወደ ቦይለሩ መመለስ አለበት፤ ጨው የሌለበት ውሃ በባሕር ላይ ውድ ነውና። ይህን የሚያደርገው ኮንደንሰር የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው። ስለዚህ ትላልቅ የውሃ ማስገቢያ ቧንቧዎች የመርከቧን ታችኛ ቆዳ በስተው ይገባሉ፤ በየቧንቧው ላይም ጠንካራ ቫልቭ ይደረጋል። እንግዲህ መርከብን የሚያንቀሳቅሰው አሠራር ራሱ በውስጧ የተዘጋ በር ያስቀምጣል ማለት ነው። ቧንቧው ተፈትቶ ቫልቩ ከተከፈተ ባሕሩ ይገባል።

ለምሳሌ ያህል ከውሃው ወለል 7 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክብ ቀዳዳ ይታሰብ። ውሃው በዚያ ጥልቀት በሰከንድ ከ11 ሜትር በላይ በሚሆን ፍጥነት ይገባል። የቀዳዳው ጠርዝ የሚያስከትለው መጥበብ ሲቀነስ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ኩብ፣ በሰዓት ወደ 1,800 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ የአንድ ቀዳዳ ብቻ ሒሳብ ነው። ውሃው ከፍ ብሎ የቦይለሩን እሳት ሲደርስበት እሳቱ ይጠፋል፤ እሳቱ ሲጠፋ እንፋሎት ያልቃል፤ እንፋሎት ሲያልቅ ውሃውን ሊቀዱ የሚችሉት ፓምፖች ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ቫልቩን ለመዝጋት የሚፈልግ ሰው በጨለማና በጥልቅ ውሃ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

መርከቧ ቀጥ ብላ ከመስጠም ይልቅ በጎኗ የተጋደመችበትም ምክንያት ይታወቃል። ሙሉ በሙሉ ያልሞላ ክፍል ውስጥ ያለ ውሃ፣ መርከቧ ጥቂት ባዘነበለች ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ጎን እየሮጠ መዘንበሏን ያብሰዋል። ይህ ኃይል የሚያድገው በውሃው ገጽ ወርድ ሦስተኛ ርቢ ነው። ለምሳሌ 18 ሜትር ወርድ ያለው ክፍል በመሐል በአንድ የቁመት ግድግዳ ለሁለት ቢከፈል አደጋው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ጎርፍ የገባባቸው ብዙ መርከቦች ገና የሚንሳፈፉበት ይዘት እያላቸው የሚገለበጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሚዛን ከመንሳፈፍ አስቀድሞ ይጠፋል።

የ«ኡምብሪያ» መስጠም ብቻውን የጦርነቱን ፍጻሜ ለወጠው ማለት ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ የተከሰተበት ዕለት ለኢትዮጵያ ታላቅ ዕለት ነበር። ያው የጦርነት አዋጅ ስዊዝን በኢጣልያ ላይ ዘጋ። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው ሠራዊቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለው ስንቅና ትጥቅ ብቻ እንዲዋጋ ተፈረደበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ሰኔ ወር ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ወደ ሱዳን መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። ወደ ምጽዋ ይሄድ የነበረው ቦምብ በዚያን ጊዜ ከሰባት ወር በላይ በባሕር ሥር ቆይቶ ነበር።

ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ተያዘ። ከመያዙ በፊት ኢጣልያውያን በወደቡ የነበሩትን የራሳቸውንና የጀርመንን መርከቦች መግቢያውን እንዲዘጉ አድርገው አስጠሟቸው፤ መርከብ ተሸክመው ከውሃ የሚያወጡትን ተንሳፋፊ የመጠገኛ ዶኮችም በቦምብ በስተው አሰጠሙ። የዚህ ሥራ ዓላማ ከካፒቴን ሙዬሳን ዓላማ ጋር አንድ ነው፤ ጠላት እንዳይጠቀምበት ማድረግ ነው። ነገር ግን በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና የመርከብ ማንሣት መሐንዲስ የሆነው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ምጽዋ ደረሰ። አይነሣም ተብሎ የተተወውን ትልቁን ዶክ በታመቀ አየር አነሣው። ዘዴው በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ቀዳዳው ከታች ከሆነና ጣራው አየር የማያሳልፍ ከሆነ፣ ከላይ የሚገባው አየር ውሃውን በቀዳዳው በኩል አስወጥቶ የብረቱን ክብደት የሚያነሣ ኃይል ይፈጥራል። ሥራው ግን በቀን ሙቀት፣ በእጥረትና በጥቂት ሰው የተሠራ ከባድ ሥራ ነበር። ከዶኩ ቀጥሎም ከሰጠሙት መርከቦች አንዳንዶቹ ተነሥተው ለአገልግሎት በቁ።

እንግዲህ በምጽዋ የተሰጠመው ሲነሣ «ኡምብሪያ» ለምን ቀረች የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ከጥልቀት አንጻር ያረፈችበት ቦታ የጠላቂ ሠራተኛ አቅም የሚደርስበት ነው። ልዩነቱ ጭነቱ ነው። አንድን የሰጠመ መርከብ ለማንሣት ብረት መቁረጥ፣ መበየድ፣ ከባድ ሰንሰለት ማጥበቅና ማንቀሳቀስ የግድ ይሆናል። ከ300,000 በላይ ቦምብና ሣጥን ሙሉ ማፈንጃ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ የሚደፍር አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1949 ገደማ ሐንስ ሐስ የተባለው ኦስትሪያዊ ጠላቂ ወደ መርከቧ ከወረደ ወዲህ፣ ብዙ ሰዎች ሊያዩዋት ወርደዋል። አውቶሞቢሎቹ አሁንም በጭነት ክፍሉ ውስጥ ናቸው። የሲሚንቶው ጆንያ በስብሶ ጠፍቶ ሲሚንቶው ግን በውሃ ውስጥ ጠንክሮ የጆንያውን ቅርጽ እንደ ያዘ ድንጋይ ሆኖ ተደርድሯል። ቦምቦቹም በረድፍ በረድፍ ሆነው ይታያሉ። ሲሚንቶ በውሃ ውስጥ መጠንከሩን ለመሐንዲስ መንገር አያስፈልግም። ፈንጂ ግን ውሃ ስለ ነካው ብቻ ይሞታል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ለምሳሌ ቲ.ኤን.ቲ. በውሃ ውስጥ በጣም ጥቂት ብቻ ስለሚሟሟ ቅርፊቱ ዝጎ እንኳ ኃይሉን ለረጅም ዘመን ይዞ ሊቆይ ይችላል። አንዳንድ ዓይነት ፈንጂዎች ደግሞ ከብረት ጋር ተዋሕደው ከቀድሞው ይልቅ ለንክኪ የሚቆጡ ውሕዶች ይፈጥራሉ።

ይህ ስጋት በሐሳብ ብቻ የሚቀር እንዳይመስል ሦስት ምሳሌዎችን መጥቀስ ይበቃል። በካናዳ በሃሊፋክስ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1917 ከ2,000 ቶን በላይ ፈንጂ የጫነች «ሞን ብላን» የተባለች መርከብ ከሌላ ጋር ተጋጭታ በእሳት ከተያያዘች በኋላ ፈንድታ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎችን ገድላለች። እ.ኤ.አ. በ1944 በቴምዝ ወንዝ መግቢያ «ሪቻርድ ሞንትጎመሪ» የተባለች የአሜሪካ የጭነት መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ለሁለት ስትሰበር፣ ጭነቷ በከፊል ከተራገፈ በኋላ ሥራው ተቋረጠ። የቀረው ፈንጂ ወደ 1,400 ቶን ቲ.ኤን.ቲ. እንደሚገመት ይነገራል፤ የእንግሊዝ መንግሥትም አካባቢውን ከልሎ በየጊዜው ያስመረምረዋል። ሦስተኛዋ «ኬልሴ» ናት። ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ ቦይ ጥይት እንደ ጫነች በግጭት ሰጠመች። እ.ኤ.አ. በ1967 ፍርስራሿን ለማስወገድ ሲሠራ ሳለ ጭነቱ ፈነዳ፤ ንዝረቱንም የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች መዘገቡት። እንግዲህ አለመንካትም አደጋ አለው፤ መንካትም አደጋ አለው። ሃያ አንድ ዓመት በውሃ ውስጥ መቆየት የ«ኬልሴ»ን ጥይት አላበረደውም።

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል የአገራችን ሰው። «ኡምብሪያ» በሰጠመች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብረቷ ጠንካራ፣ የሣጥኖቹ አደራደር የታወቀ፣ የጫኗትም ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ዛሬ ብረቱ ዝጓል፤ ሣጥኑ በስብሷል፤ የጫኑት ሰዎች አልፈዋል። የሥራው አስፈላጊነት አልቀነሰም፤ አስቸጋሪነቱ ግን በየዓመቱ ጨምሯል። ከዚህም በላይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከካርቱምና ከሌላው አውራጃ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ፖርት ሱዳን ተሰዷል። ጦርነትን ሸሽቶ የመጣ ሕዝብ ከሌላ ጦርነት የቀረ ጭነት አጠገብ ሰፈረ ማለት ነው። ቦምቡ ለኢትዮጵያውያን ተሠርቶ ነበር፤ አደጋው ግን የተረፈው ለሱዳናውያን ነው።

ካፒቴን ሙዬሳን በዚያች ዕለት ያደረጉትን ሥራ መመዘን ቀላል አይደለም። ለአገራቸው ያለባቸውን ግዴታ ፈጽመዋል። አንድም ሰው እንዳይሞት ተጠንቅቀዋል፤ ሠራተኞቻቸውን ብቻ ሳይሆን ጠላቶቻቸውንም ከሞት አድነዋል። ሳያስቡት ደግሞ ሊያገለግሉት የተላኩለትን የፋሺስት ጦር ከ300,000 በላይ ቦምብ አሳጥተው፣ በስም የማያውቋቸውን ብዙ ኢትዮጵያውያን አትርፈዋል። ለእርሳቸው የነበራቸው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነበርና ከዚያ በላይ ሊጠየቁ አይገባም። ወቀሳው የሚያርፈው ጥቂት ሰዓት ሳይሆን ብዙ አሥርተ ዓመታት በነበራቸው ላይ ነው። ቦምቡን የሠራው፣ የጫነው፣ የላከው መንግሥት ነበረ። መርከቧን አስቁሞ ወደቡን ያስተዳድር የነበረውም መንግሥት ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጉዳዩ ለማንም ሳይሆን ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚቀሩ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ሥራ ሲታቀድ መጨረሻውም አብሮ መታቀድ እንዳለበት ነው። ድልድይ ያረጃል፤ ግድብ በደለል ይሞላል፤ የኬሚካል መጋዘን ይዘጋል። መጀመሪያውን የሚያሳይ ንድፍ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ሞልቷል፤ ፍጻሜውን የሚያሳይ ግን እምብዛም አይገኝም። ተሠርቶ የተረሳ ነገር ተሠርቶ እንዳለቀ አይቆጠርም።

ሁለተኛው፣ የመዝገብ ጉዳይ ነው። የትኛው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተቀመጠ በትክክል የሚያስረዳ ጽሑፍ ባለሙያው ካለፈ በኋላ በስተኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ሕይወት ነው። መሬት ቆፍሮ የማይታወቅ የኤሌክትሪክ መሥመር ወይም የውሃ ቧንቧ ያገኘ ባልደረባ ይህን ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ያምናል። ጦርነት ባለፈበት የአገራችን መሬትም ቢሆን፣ መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ ከመቆፈሩ አስቀድሞ ከሥር ምን እንዳለ መጠየቅ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሙያ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው፣ ጊዜ ራሱ የምሕንድስና ኃይል መሆኑ ነው። በፖርት ሳይድ የባከነችው ሦስት ቀን አንድን ጭነት ከምጽዋ አስቀርታለች። በዊንጌት ሪፍ የባከነው ከሰማንያ በላይ ዓመት ደግሞ የሚቻለውን ሥራ ወደማይቻለው እያስጠጋው ነው። መሐንዲስ ስለ ክብደት፣ ስለ ግፊትና ስለ ፍጥነት ይሰላል፤ መዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው ይተወዋል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

የ«ኡምብሪያ» ቫልቮች የተከፈቱት በጥቂት ደቂቃ ነው፤ የከፈቷቸውም እጆች የሠለጠኑ የሞተር ሠራተኞች እጆች ናቸው። ያ ሥራ በዚያች ሰዓት ትክክል ነበረ። የቀረው፣ ማለት የወረደውን አውጥቶ፣ የተበተነውን ለቅሞ፣ ባሕሩን ለባሕር ሰው ንጹሕ አድርጎ የመመለስ ሥራ፣ እስከ ዛሬ ሠሪ አላገኘም። አሁንም የፖርት ሱዳን ዓሣ አጥማጆች በዚያ ዓለት አጠገብ ሲያልፉ የጀልባ መስቀያ ብረቶቿን ይመለከታሉ፤ ከሥራቸው ያለውን ጭነት ያውቃሉ፤ መረባቸውንም ጥለው ይሄዳሉ። እነርሱ የለመዱትን አደጋ ባለሙያው ሊለምደው አይገባም።